የመወልወያ ውሃ

እናቴ በየማለዳው ፖፖ ይዛ አሥራ ስድስት ደረጃ ትወርዳለች። ደረጃ ይባል እንጂ መሰላል ነው። በአንድ እጇ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ገመድ፣ በሌላው ፖፖውን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ ወደ ኋላ ነው የምትወርደው። ፖፖው የሕፃን አይደለም፤ ክዳንና እጀታ ያለው፣ አዋቂ የሚቀመጥበት ባልዲ ነው። ለሠርጓ የመጣው የእንጨት ነበር። ልጅ በልጅ ሁኑ ተብሎ ውስጡ ቀይ የተቀባ እንቁላልና ቴምር ተሞልቶ ነበር አሉ። ልጅ እኔ ብቻ መጣሁ፣ እንጨቱም በሰበሰ። አሁን ያለው ፕላስቲክ ነው።

የምንኖረው ሻንጋይ ነው። በመስኮታችን አንገት ብቅ ቢያደርጉ ጫፋቸው ደመና ውስጥ የገባ ፎቆች ይታያሉ። የእኛ ሰፈር ቤቶች ግን ሲሠሩ ሽንት ቤት አልተሠራላቸውም፤ በኋላም ያስታወሰ የለም። ሰው ሁሉ በጠዋት ፖፖውን ይዞ ከሰፈሩ ጫፍ ወዳለው መድፊያ ይሄዳል፣ ደፍቶ፣ አጥቦ፣ ግድግዳ ጥግ አስደግፎ ያደርቃል። በሰፈራችን ሴት ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላት ይህን ሥራ ከእናቷ ትረከባለች። እኔ አልተረከብኩም። እናቴ እንድነካው እንኳን አትፈቅድም ነበር። ከታች ባለው የጋራ ወጥ ቤት ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «የልጄ እጅ ፖፖ ነክቶ አያውቅም» ትላለች። ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

ነገሩ ፌዝ ይመስላል፤ እኔ የምተዳደረው ሽንት ቤት በመሳል ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የውሃና የፍሳሽ መስመር ምህንድስና ነው። ይህ ታሪክ በሆነበት የፀደይ ወራት ለአንድ ባለ አርባ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የቧንቧ መስመር እየሣልኩ ነበር። በእያንዳንዱ ቤት ሦስት መጸዳጃ ቤት አለ። ባለ ገንዘቦቹ የባልና ሚስቱ እንደ ጃፓን ይሁን አሉ፤ ገንዳው ለብቻ፣ ሽንት ቤቱ ለብቻ፣ መቀመጫው የሚሞቅ፣ ከሥር ውሃ የሚረጭ። የእንግዳው እንደ አውሮፓ ይሁን፣ መስኮት ያለው። የሠራተኛዋ ደግሞ እንደ ድሮው ወለል ላይ ቁጢጥ የሚባልበት ቀዳዳ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን። ሣልኩላቸው።

«ክዳኑ ሰው ሲጠጋው ራሱ ይነሳል» ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ለምን?»

«እንዳትነኪው ነዋ።»

«ለሰው ቂጥ ክብር ብሎ ይነሳል በይኛ። እኔ አውቶቡስ ላይ እንኳን የሚነሳልኝ የለም።»

የሚነሳላት ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም የግራ ጉልበቷ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ደረጃ ተዪ አላት። «ሸክም ይዘሽ ከወረድሽማ፣ አንድ ቀን ትወድቂና አትነሺም» አላት በግልጽ። ስለዚህ የቀበሌው ሰው አቶ ባኦ መጥቶ በዚህ ዓመት ከሰፈሩ ፖፖ እንደሚጠፋ፣ ለየቤቱ አንዳንድ ጠባብ ሽንት ቤት በነፃ እንደሚገባ ሲነግረን፣ እኔ ቅጹን ከእጁ ነጠቅኩት ማለት ይቀላል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ላይኛው ቤት የእኛ ነው፣ ምድር ቤቱ የእማማ ታንግ። ቧንቧው አንድ ነው፤ ከእኛ ወርዶ በእሳቸው በኩል ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱም ቤት በአንድ ቅጽ ላይ በጣት አሻራ ካልፈረሙ ለሁለቱም አይገባም። የመጨረሻው ቀን የወሩ ማብቂያ ዓርብ ነበር።

እማማ ታንግ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ወጥ ቤት ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«አልፈርምም።»

«ለእርስዎም እኮ ይገባልዎታል። በነፃ።»

«ይግባ። የእናትሽ ግን በትራሴ ላይ ሲንዶለዶል አልሰማም። በዚህ ዕድሜዬ የሰው አር በራሴ ላይ አያልፍም።»

ክፋት አይደለም፤ የቆሻሻ ቧንቧ በተኛ ሰው ራስ ላይ ካለፈ ዕድል ይሰብራል የሚሉ ብዙ ናቸው። ፎቅ የሚገዙ ሀብታሞችም ሳይቀሩ ይጠይቁኛል። እኔም ሦስት ቀን ወስጄ መስመሩን ከአልጋቸው አራቅኩ፤ ከደረጃው ጀርባ በውጭው ግድግዳ አወረድኩት፣ ድምፅ እንዳያሰማ አስጠቀለልኩት። በቀለም አሳምሬ ሥዬ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ሥዕል ነው» አሉ። «አሁንም አልፈርምም።»

«አሁን ደግሞ ለምን?»

«ያን ዕለት በባለቤቴ ፎቶ ላይ የወረደው ምን እንደነበር እናትሽ በገዛ አፏ ትንገረኝ። ያኔ ሁለቱንም አውራ ጣቴን አትምልሻለሁ።»

ያን ዕለት ማለት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ የአዲስ ዓመት የመጀመሪያዋ ቀን። በዚያ ቀን ቆሻሻም ሆነ ውሃ ከቤት አይወጣም፣ ሲሳይ አብሮ ይወጣል ተብሎ። አባቴ ግን ያኔ በሕይወት ነበር፣ ሌሊቱን ሆዱን ሲያመው ነው ያደረው። ፖፖው ሞላ። እናቴ ሰው ሳያያት ልትደፋ በጨርቅ ሸፍና ብድግ አለች፣ ከደረጃው አናት ላይ አዳለጣት። ወለላችን ጣውላ ነው፤ በስንጥቁ አልፎ እማማ ታንግ ለሟች ባላቸው ፎቶና ብርቱካን ደርድረው በተንበረከኩበት ጠረጴዛ ላይ ወረደ። ጩኸታቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰ። እናቴ ከላይ ሆና፣ «የመወልወያ ውሃ ነው! የመወልወያ ውሃ ነው!» ብላ ጮኸች።

በአዲስ ዓመት ቀን ሻንጋይ ውስጥ መጥረጊያ የሚነካ ሰው የለም፤ ወለል መወልወል ጭራሽ አይታሰብም። ውሸቱ ከእውነቱ የባሰ ነውር ሆነ። ደግሞም ይሸታል። እናቴ ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷልና ከቃሏ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ወለል በወለወለች ቁጥር እማማ ታንግ ከታች፣ «ሱጁዋን! የዛሬውስ ምን ዓይነት ውሃ ነው?» ይላሉ።

«እማዬ፣ በያትና ይለቅልን» አልኳት።

«ምን ልበላት?»

«ፖፖ ነበር በያት። አለቀ።»

«የመወልወያ ውሃ ነበር።»

«እኔ እኮ ቤት ውስጥ ነበርኩ!»

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ምን ታውቂያለሽ።»

«አፍንጫ ነበረኝ።»

ዞር ብላ ሩዝ ማጠብ ጀመረች። የቅጹ ቀን ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደረጃው መሀል ላይ ጉልበቷ እንቢ አላት። መውረድም መውጣትም አቃታት። ፖፖውን ታቅፋ፣ እኔ ጫማዬን አድርጌ እስክደርስላት ድረስ፣ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልጠራችኝም። ምክንያቱም እማማ ታንግ ከታች በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመው ነበር።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። «ዓርብ እነግራታለሁ» አለች። «እንዳለችው፣ በገዛ አፌ። አንቺ ግን በመሀል አትግቢ፣ ዩንሹ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ዓርብ ሲደርስ ነገሩን ስታዞር፣ ስትጠመዝዝ፣ መሽቶ አቶ ባኦ ቅጹን አጥፎ ሲሄድ ታየኝ። ሁለት አሮጊቶች ስለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እድፍ ሲጨቃጨቁ አንድ ጉልበት ሊሰበር ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም፤ አልችልበትምም። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ እማማ ታንግ በር ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የደፋሁት» አልኩ። «ያን ዕለት። ፖፖውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ እኔን ለመሸፈን ነው የመወልወያ ውሃ ያለችው።»

ቀላል ውሸት ነበር። ልጅ ያጠፋውን ሰው ይቅር ይላል፤ እናቴም አፏን ሳትከፍት ነገሩ ይዘጋል። አስልቼዋለሁ፣ እንደ ቧንቧ ቁልቁለት።

እማማ ታንግ ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ። «በሰባት ዓመትሽ? ፖፖ ታሸክምሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አቶ ባኦን ለዓርብ ቀዩን ቀለም አምጣ በይው» አሉ።

ዓርብ እናቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታ ወረደች። አቶ ባኦ ቅጹን ምድጃዎቹ መሀል ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ የቀዩን ቀለም ክዳን ከፍቶ ተቀምጧል። ሰዓቱን ያያል፤ ሌላ አሥራ አንድ ቤት ይቀረዋል። እናቴ ሳትቀመጥ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እትዬ ታንግ» አለች። «ያን ዕለት፣ የጋሼ ፎቶ ላይ…»

«ተይው ሱጁዋን፣ አትድከሚ» አሉ እማማ ታንግ፣ እየሳቁ ነበር። አውራ ጣታቸው ቀለሙ ላይ አርፏል። «ልጅሽ ነግራኛለች። እሷ ናት የደፋችው። ልጅ ነበረች፣ እኔ በልጅ አልቀየምም። ግን እንዴት ነው ነገሩ፣ ያቺ ‹የልጄ እጅ ነክቶ አያውቅም› የምትያት ጉራ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆሮዬን ያደነቆርሽኝ? በሰባት ዓመቷ፣ ያውም በአዲስ ዓመት! የእኔዎቹ እንኳን ስምንት ሞልቷቸው ነው የጀመሩት።»

አቶ ባኦም ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት የለበትም፣ ሥራው እንዲያልቅለት ነው።

እናቴ አየችኝ። ረጅም አልነበረም።

«ልጄ ፖፖ ነክታ አታውቅም» አለች።

«ራሷ እኮ ናት…»

«ነክታ አታውቅም! እኔ ነኝ…» አለችና ቆመች።

እማማ ታንግ አቶ ባኦን ጠቀሱት። «አየህ፣ አሁንም ልትሸፍንላት ነው። እናት አይደለች።»

እናቴ ያን ጊዜ ገባት፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ገብቶኝ ነበር። እውነቱን ብትናገር የሚያምናት የለም። ፖፖ ነበር ካለች፣ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ። እኔ እንዳልሸከም ፖፖው ራሱ መኖር የለበትም።

«የመወልወያ ውሃ ነበር» አለች።

እማማ ታንግ ጣታቸውን ከቀለሙ አንስተው በሽርጣቸው ጠረጉ። ጠረጋው ጊዜ ወሰደ፣ ቀይ ቀለም ቶሎ አይለቅም።

«እማማ፣ እኔ ዋሽቼ ነው» አልኩ። «እማማ፣ ስሙኝ፣ የደፋችው እሷ ናት፣ እኔ ተኝቼ ነበር…»

«አንቺ ትላንት አንድ፣ ዛሬ ሌላ» አሉኝ። «ከእናትሽ ባሰሽ። እሷ ቢያንስ በአንዱ ውሸቷ ጸንታለች።»

አቶ ባኦ እስክሪብቶ አውጥቶ በቤታችን ቁጥር፣ በአሥራ አራት ላይ የስረዛ መስመር አሰመረ። የሠራሁት የቧንቧ ሥዕል ከቅጹ ጋር ተያይዞ ነበር፤ መርፌ ቁልፉን ነቅሎ መለሰልኝ። «በጣም ጥሩ ሥራ ነበር» አለኝ።

እስከ መኸር ድረስ ለሌላው ቤት ሁሉ ገባ። ማታ ማታ ከየግድግዳው ውሃ ሲለቀቅ ይሰማል። ተጠቃሚ ስለሌለው ተብሎ የሰፈሩ መድፊያ በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ላዩ ላይ የአበባ ሣጥን ተቀመጠ። አሁን የቀረው ከገበያው ጀርባ ያለው የሕዝብ ሽንት ቤት ነው፣ ከዋናው መንገድ ማዶ።

እኔ ቤት ተከራይቼ ወጥቻለሁ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ሽንት ቤት ግን አላት። ነይ አልኳት፣ አልመጣም አለችኝ። ሁለተኛ አልለመንኳትም።

ባለፈው እሑድ በማለዳ ወደ እናቴ ስሄድ ዋናው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቀይ መብራት ይዟቸው፣ ብስክሌተኞች አፍንጫቸውን ይዘው እየሸሿቸው፣ ሁለቱም ፖፖ ይዘው ቆመዋል። እማማ ታንግ ከፊት፣ እናቴ ሦስት እርምጃ ከኋላ። አይነጋገሩም። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እማማ ታንግ ተሻገሩ። እናቴ ግራ እግሯን እየጎተተች መሀል መንገድ ሳትደርስ መብራቱ ተመልሶ ቀይ ሆነ፣ መኪኖቹም ክላክስ ያንባርቁባት ጀመር።

ሮጬ ደረስኩና እጀታውን ያዝኩ።

«ስጪኝ እማዬ።»

ነጥቃ ወደ ራሷ ሳበችው። ከክዳኑ ሥር ጥቂት ተንጠባጥቦ ጫማዬ ላይ ወረደ።

«ተይ» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «አንቺ ድርሻሽን በሰባት ዓመትሽ ተሸክመሽ ጨርሰሻል።»