ከጠርዝ የተቆረጠ ናሙና

ልብስ ሰፊዋ በሥራዋ የማትጥሰው አንድ ሕግ ነበራት። ደንበኛ መጥቶ "ከዚህ ልብስ ናሙና ቁረጪልኝ፤ ገበያ ወስጄ ላመሳስለው" ሲላት፣ ከልብሱ ፊት አንዲት ክር እንኳ አትነካም። ገልብጣ፣ ከእጥፋቱ ውስጥ፣ ዓይን ከማያርፍበት ጠርዝ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ታወጣለች። ይህ ሕግ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አላሳፈራትም፤ ቤተ ሙከራ ይዛው የገባች ቀን ግን ጉድ አፈላ።

ከልጅነቷ ጀምሮ ትከሻዋና ጀርባዋ ላይ አተር የሚያካክሉ ለስላሳ ዕጢዎች ይወጡባት ነበር። ከሠርጓ በፊት ያያት ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ከምትወልጃቸው ከሁለት አንዱ ይወርሰዋል" አላት። ከዚያ ወዲህ በትዳር ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ ልጅ የሚለውን ቃል እሷም ባሏም እንደ እሳት ይሸሹታል። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ እዚህ ላይ ሲደርስ "አንቺ ያልሽው ይሁን" ብቻ ይላል። በሠርጓ ሰሞን ለሕፃን ልብስ ብላ የገዛችው ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅም መቀስ ሳይነካው ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል።

ሕመሙን የምታጠና ተመራማሪ ፈቃደኛ ሰው ትፈልጋለች ሲባል ሄደች።

"ሁለት ቁራጭ ቆዳ እንወስዳለን" አለቻት ተመራማሪዋ፤ "አንዱን ከዕጢው፣ አንዱን አጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ። ቆዳ ውስጥ ወደፊት ምን እንደሚሆኑ ገና ያልወሰኑ ግንድ ሴሎች አሉ። እነሱን አሳድገን የትኛው፣ ለምን ወደ ዕጢነት እንደሚያዘነብል እናያለን።" ትከሻዋ ላይ በሐምራዊ እስክሪብቶ ሁለት ክብ ሣለችና ነርሷን ልትጠራ ወጣች፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ረስታ።

ልብስ ሰፊዋ በመስተዋት አየች። ዕጢው ላይ ያለው ክብ ይሁን፤ ቢነሣላት እሰየው ነው። ሁለተኛው ግን ትከሻዋ ላይ ከተረፋት ጥቂት ንጹሕ ቆዳ መሐል፣ ያውም ልክ ከፊት ለፊት ከሚታየው ላይ አርፏል። "ይኼማ አቆራረጥ አይደለም!" አለች ለራሷ። ጥጥ አርሳ ክቡን አጠፋችና፣ ዳሌዋ ላይ፣ ቀበቶ በሚያልፍበት በኩል መልሳ ሣለችው። ያው ቆዳ፣ ያው ሰው! ነርሷም ብቻዋን መጥታ አደነዘዘችና ከሁለቱም ቦታ በክቦቹ ልክ ወሰደች።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ተደወለ፤ "ናሙናሽ ከሌላ ሰው ጋር ሳይደባለቅ አልቀረም፤ እባክሽ ድገሚልን።"

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሴሎቹን የሚንከባከብ አንድ አዛውንት አለ፤ ባልደረቦቹ "ሞግዚቱ" ይሉታል። በየማለዳው የማሞቂያ ሣጥኑን ከፍቶ፣ የሴሎቹን ሮዝ ፈሳሽ ምግብ ይቀይርና "ደህና ዋሉ እንግዲህ" ሳይል አይዘጋውም። ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ የመጣች ዕለት ግን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አቀርቅሯል።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሴል ሳህን እንኳ አምታትቼ አላውቅም፣ ልጄ" አላት። "ዛሬ አደባለቅህ ተባልኩ።"

ተመራማሪዋ ነገሩን አስረዳቻት፤ "ከዕጢው የመጡት እንደጠበቅነው ሕመሙን የሚያመጣው የጂን ስሕተት አለባቸው። ከደህናው ቆዳ የመጡት ግን የጂን ስሕተቱ ጭራሽ የለባቸውም። ከወላጅ የተወረሰ ስሕተት ደግሞ በእያንዳንዱ ሴልሽ ውስጥ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ያንቺ አይደሉም፤ ዛሬ ይደፋሉ።"

ልብስ ሰፊዋ የሆነው ገባት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ብትናገር ከጥናቱ ያስወጧት ይሆናል፤ ለሕመሟ መላ ይገኝ ይሆናል የምትለው ተስፋም አብሯት ይወጣል። ቀና ስትል የሽማግሌው እጆች ባዶውን ጠረጴዛ ደጋግመው ሲጠርጉ አየች።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ክቡን ያዛወርኩት እኔ ነኝ።"

"የት አዛወርሽው?" አለች ተመራማሪዋ።

"ወደ ዳሌዬ። ናሙና ከፊት አይቆረጥማ፣ ዶክተር! ከጠርዝ ነው እንጂ።"

"ወይ ጉድ!" ሞግዚቱ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቅ አመለጠው። "ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ስም በአንድ እስክሪብቶ!"

ተመራማሪዋ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ከወገብሽ በታች ዕጢ ወጥቶብሽ ያውቃል?"

"አንድም ቀን።"

"ከእናት አባትሽ ወገን ያለበት ሰውስ?"

"ማንም የለም።"

"ሳህኑን እንዳትደፋው" አለችው ሞግዚቱን፣ ዓይኗን ከልብስ ሰፊዋ ሳትነቅል።

ያኔውኑ ከትከሻዋም ከዳሌዋም እንደገና ተወሰደ፤ በዚህኛው ጊዜ በማይለቅ ቀለም፣ እስክሪብቶውም ወደ ኪስ ተመልሶ። ሳምንታት አልፈው ውጤቱ ሲመጣ ያው ሆነ፤ ትከሻዋ ስሕተቱ አለበት፣ ዳሌዋ የለበትም።

"ከእናትሽም ከአባትሽም አልወረስሽውም" አለቻት ተመራማሪዋ። "በማሕፀን ሳለሽ፣ ገና የጥቂት ሴሎች ክምር ሳለሽ፣ አንዷ ስትባዛ ተሳሳተች። ከእሷ የተገኘው ክፍል ስሕተቱን ይዞ አደገ፤ የቀረው ደህና ነው። በአንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ አንድ ጥግ ብቻ እንደተበላሸ አድርገሽ ቁጠሪው።"

"ታዲያ... ልጅስ?"

"ከሁለት አንድ የተባልሽውን እርሺው፤ ከዚያ በጣም ያንሳል። ፈጽሞ አይደርስበትም ግን አልልሽም፤ እንቁላሎችሽ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ቆዳሽ አይነግረንም። አሁን ስሕተቱን ለይተን ስላወቅነው፣ ካረገዝሽ ጽንሱን መመርመር ይቻላል።"

ወደ ቤቷ ስትሄድ ነገሩን በልቧ ገለበጠችው። ልኬቱን በግምት የሚናገር ሰፊ አይታ አታውቅም፤ እሷም ለማንም በግምት ሰፍታ አታውቅም።

"ቁጥሩ ስንት ነው ታዲያ?" አለ ባሏ፣ ሰምቶ ሲያበቃ።

"ቁጥር የለውም። ያንሳል ብቻ ነው ያለችኝ።"

ሾፌሩ አገጩን አሻሸ። "እኔስ መንገዱ ነጻ ነው ተብዬ የወጣሁበት ቀን መቼ አለና? እያየሁ ነው የምነዳው።" ቀጥሎም፣ "እንግዲህ አንቺ ያልሽው ይሁን" አለ እንደ ልማዱ።

እሷ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ነጩን ጥጥ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ስድስት ዓመት የታጠፈበት መሥመር በመዳፏ ስታሸው አልጠፋም አላት። ጠመኔዋን አነሣች።

"ልኩን ሳታውቂ?" አለ ባሏ።

"ሰፋ አድርጌ እቆርጠዋለሁ" አለች መቀሱን እየሳበች፤ "ትርፉን እጥፋቱ ውስጥ እተውለታለሁ።"