ሰባተኛው የሰጎን እንቁላል

ፈንታሁን አዋሽ በረሃ ካለው ፓርክ የአራዊት ዘበኛ ሆኖ ስምንት ዓመት ሲኖር፣ ደብረ ታቦር ያሉ ዘመዶቹ ቆላ ወርዶ ከአውሬ ጋር አውሬ ሆነ እያሉ ያሙት ነበር። የአባቱን ተዝካር እንኳ ሳያስጠሩት ደግሰው በልተዋል። አብዮቱ በፈነዳ በአምስተኛው ዓመት ግን ክፉ በረዶ ወርዶ የደብራቸውን ጉልላት አረገፈው። ጉልላቱ ላይ የሚሰኩት ሰባቱ የሰጎን እንቁላሎች ዱቄት ሆኑ። ይኼኔ ፈንታሁን ትዝ አላቸው። እንቁላል ይዘህ ና፣ ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ስምህ በሕዝብ ፊት ይጠራል ብለው ጻፉለት።

ከፓርኩ እንቁላል ያወጣ ዘበኛ እንጀራው እንደሚቆረጥ ያውቃል። ቢሆንም ስሙ እንዲጠራ ፈለገ። ሰጎኖቹ ጥለውት ከሄዱት ጎጆ ሰባት እንቁላል ለቅሞ፣ በጭድ ጠቅልሎ፣ መለዮውን ጥሎ አገሩ ገባ።

በበዓሉ ቀን ጣሪያው ላይ የወጣውም እሱ ነው። ስድስቱን ሳይሰነጠቁ የጉልላቱ የብረት እሾህ ላይ ሰካ። መካከል ላይ ለሚቆመው ለሰባተኛው ሲወርድ የኔታ ንብረት አስቆሙት። እኒህ ሰው ፈንታሁንን ልጅ ሳለ ፊደል አልገባው አለ ብለው በጓደኞቹ ፊት ያባረሩት ናቸው። አሁን ለሕዝቡ እያስተማሩ ነበር፤ ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው ዓይኗን ሳትነቅል በማየት ነው፣ እኛም ልባችንን ከእግዜር አንንቀል አሉ። ከዚያ ወደ ፈንታሁን ዞረው፣ ያየህ አንተ ነህና መስክር፣ ስምህን የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው አሉት።

አዎ ቢል ይበቃው ነበር። ግን ስምንት ዓመት በዚያ ፀሐይ ያየውን ማን ይውሰድበት?

«የኔታ፣ ትታቀፈዋለች እንጂ አታየውም» አለ። «ቀን ሴቷ፣ ሌሊት ጥቁሩ ወንዱ። ቀትር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ጥላ ይሆኑለታል።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከሴቶቹ በኩል እቴነሽ፣ «ወንድ የሚታቀፍበት አገር ካለማ የእኔንም ባል ውሰድልኝ» አለች።

የኔታ ግን አልሳቁም። «ቆላ የከረመ ሰው እንዲህ ነው፤ ፀሐዩ ራስ ይመታል» አሉና መሰላሉን ለሠራው ለማሩ፣ ገመድ ላዋሰው ለሙላቴ ምስጋና አቀረቡ። የፈንታሁን ስም አልተጠራም።

እሱም ሰባተኛውን እንቁላል አንሥቶ በጋቢው ጠቀለለና በሕዝቡ መካከል ወደ ደጀ ሰላሙ አመራ።

«አንተ! መካከለኛውስ?» አሉ የኔታ ከኋላው።

«አንቱም ሕዝቡም ባዶውን እሾህ ትኩር ብላችሁ እዩት» አላቸው ሳይቆም። «በማየት ከሆነ ይበቅልላችኋል።»

በሩ ላይ ደርሶ ዘወር ሲል፣ ያ ሲስቅ የነበረ ሕዝብ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ወደ ጉልላቱ ያያል።