ብስኩቱን ማን ገዛው

«ተቆልፏል» አለች የነርሶቹ አለቃ ሲስተር በስልክ። «ቁልፌ፣ ዛሬም ተቆልፏል።»

ቁልፌ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የእናቷን ክንድ ይዛ የአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። የሁለት ሳምንት ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ክርኗ ላይ ደርሷል።

«አይቻልም። ዓርብ ዕለት አብረን ሞክረነው የለ? አንቺ ራስሽ ከፍተሽ አንብበሻል።»

«ዓርብ ተከፍቷል፣ ዛሬ ተቆልፏል። ሕፃናት ክፍል አምስት ነርሶች ገብተው ሁሉም ተራው የኔ ነው ይላሉ።»

«ማዋለጃስ?»

«ማዋለጃ አንድ ሐኪምና የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። እሷ ወላዶቹን አይዟችሁ እያለች ነው። ከሐኪሙ ይልቅ እሷን የሚሰሟት ይመስላል።»

ቁልፌ በሆስፒታሉ የዳታቤዝ ኃላፊ ናት። የታካሚው ካርድ፣ የላብራቶሪው ውጤት፣ የነርሶቹ ተራ፣ ሁሉም ሠንጠረዥ ሠንጠረዥ ሆኖ የተቀመጠው እሷ ዘንድ ነው። ማን የቱን ማንበብ እንደሚችል የምትፈቅደውም እሷ ብቻ ስለሆነች «ቁልፌ» የሚል ስም ወጣላት። ስሙን እንደማትወደው ደጋግማ ትናገራለች፤ በሌላ ስም ሲጠሯት ግን ቶሎ አትሰማም።

ጣጣው ሁሉ የሰኞ ነበር። የነርሶቹን ተራ የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ከሆስፒታሉ ከለቀቀ ቆይቷል። ያለፈ ሳምንት እንዳለቀ ደብተር ተዘግቶ መቀመጥ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ሰኞ ሰኞ ማለዳ አዲስ ሠንጠረዥ ይፈጥራል። አዲስ ሠንጠረዥ ደግሞ ሲፈጠር ዝግ ነው። ቁልፌ ቢሮዋ ገብታ «ይህን ነርሶች ያንብቡት» ብላ አንድ መስመር ካልጻፈች፣ ሲስተር ብትጮህም ብታለቅስም አይከፈትም። በዚህ ምክንያት ቁልፌ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ቀርታ አታውቅም። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ሰኞን ሠርታ ማክሰኞ ነበር የምትተኛው።

አሁን ግን የእናቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነገ ነው። የእሷ ሆስፒታል ሁሉ ነገር ሲኖረው የዓይን ሐኪም ስለሌለው ወረፋ የያዙት ሌላ ከተማ ነው፤ ዘጠኝ ወር ጠብቀዋል። የነገው ካለፈ እንደገና ዘጠኝ ወር ነው። የእናቷ የቀኝ ዓይን በሞራ ተሸፍኗል፣ ግራው ደግሞ የቀኙን መንገድ ይዟል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቱን ሰውዬ አማቻቸው መስሏቸው ደረጃው ላይ ሩብ ሰዓት ሲመክሩት ቆይተዋል። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ እስኪጨርሱ ሰማቸው።

ለዚህ ነው ቁልፌ ዓርብ ዕለት ነገሩን ከሥሩ የዘጋችው፣ ወይም የዘጋችው የመሰላት። «ከእንግዲህ የሚፈጠር ሠንጠረዥ ሁሉ ገና ሲፈጠር ለነርሶች ክፍት ይሁን» የሚል ደንብ ጻፈች። ለሙከራ አንድ ሠንጠረዥ ፈጠረች፤ ሲስተር ያለ ማንም እርዳታ ከፈተችው። ዋና ኃላፊውም የዕረፍት ወረቀቷን ፈርሞ «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው» አለ።

«አውቶቡሳችን አራት ሰዓት ነው፤ አሁን ገና አንድ ተኩል ነው» አለች ለእናቷ፣ ስልኩን ዘግታ። «ቢሮ ደርሰን እንመለሳለን። ከቢሮ ውጭ መክፈት ክልክል ነው እንጂ ሥራው አንድ መስመር ነው።»

«ያንቺን አንድ መስመር አውቀዋለሁ» አሉ እናቷ። «አባትሽም አንድ ጊዜ ደርሼ ልምጣ ብሎ ነበር የሚወጣው።»

«እስቲ ቲኬቶቹን ስጪኝ፣ ሰዓቱን ልየው።»

እናቷ ጥቁሩን ቦርሳ ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ቲኬቱም፣ የቀጠሮው ወረቀትም፣ መድኃኒቱም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ ቦርሳ ያለ እሳቸው ፈቃድ መርፌ እንኳ ወጥቶ አያውቅም።

«አውቶቡሱ በር ላይ ስንደርስ ታገኚዋለሽ» አሉ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ዋና ኃላፊው የቢሮዋ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቁልፌ እናቷን ወንበር ሰጥታ፣ ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ አንዱን መስመር ጻፈች። ወዲያው ከኮሪደሩ የሲስተር ድምፅ ተሰማ። «ተከፈተ! አንተ ማዋለጃ ነህ፣ ሂድ። አንቺም ማዋለጃ ነሽ። ምን ታዪኛለሽ?»

«በል እንግዲህ» ብላ ቁልፌ ተነሣች።

«ተቀመጪ እንጂ» አለ ኃላፊው። «የዛሬው ሆነ። የሚመጣው ሰኞስ? የዚያን ዕለት ማነው የሚከፍተው? አንቺ የለሽ።»

«ደንቡን እኮ ጽፌያለሁ።»

«ደንቡማ ይኸው አየነው። ካላስተካከልሽው ልለቅሽ አልችልም። ለእናትሽ አዝናለሁ፤ ግን ማዋለጃን ለጽዳት ሠራተኛ ትቼ ዕረፍት አልሰጥም።»

እናቷ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አምሳ ሁለት፣ እናቴ።»

«ገና ነህ። ዓይንህ ላይ ሲደርስ እናወራለን።»

ኃላፊው አፍሮ ጎሮሮውን ጠረገ። ከዚያ መላ አመጣ። «ለምን ለሁሉም ሠራተኛ ያንቺን ሥልጣን አትሰጫቸውም? ሁሉም ሁሉን ይክፈት። አለቀ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች ቁልፌ። «የበር ጥበቃውም ጭምር?»

«ቢከፍት ምን ይጎዳናል?»

«ሐሙስ የተመረመሩትን የኮሌስትሮል ውጤት ያነብባል። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ሣህንዎን እያየ ይመክርዎታል።»

ኃላፊው ወደ በሩ አየ። ጥበቃው እዚያ ባይኖርም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሁሉም ማለቴ አይደለም» አለ።

ቁልፌ የዓርቡን ደንብ አውጥታ አነበበችው። አንድም ፊደል አልተሳሳተም። እንደገና አነበበችው። አዲስ የሙከራ ሠንጠረዥ ፈጥራ ሲስተርን ጠራቻት፤ ሲስተር በራሷ የይለፍ ቃል ገብታ ያለ ችግር ከፈተችው። ደንቡ ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ የዛሬው ማለዳ ሠንጠረዥ ለምን ዝግ ሆነ? ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ይህ ለምንም እንደማይጠቅም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እናቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አተኩረው ያያሉ። የሚያዩት ነጭ ክብ ብቻ እንደሆነ ልጃቸው ታውቃለች።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የእናቷ ስልክ ቦርሳው ውስጥ ጮኸ። ዚፑን ከፈቱ፣ ስልኩን አወጡ፣ ዚፑን መልሰው ዘጉ፣ ከዚያ አነሡት። ማየት ስለማይችሉ መስማትም የተቸገሩ ይመስል ድምፁን ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት ጣራ ላይ ነው፤ በቢሮው ያለ ሰው ሁሉ የልጅ ልጃቸውን ሰማ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጅቷ ቤት ነበረች።

«እማማ፣ ብስኩት ልብላ?»

«የቱን ብስኩት?»

«መደርደሪያው ላይ ያለውን፣ አዲሱን።»

«ማን የገዛው ነው?»

«አባዬ። ትናንት ማታ።»

«እንግዲያ አባትሽን ጠይቂ።»

«ግን እኮ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጥ ብስኩት ሁሉ ሳትጠይቂኝ ብዪ ብለሽኝ ነበር።»

«ያልኩትማ እኔ ገዝቼ የማስቀምጠውን ነው። አባትሽ ገዝቶ ያስቀመጠውን እኔ ምን አግብቶኝ እፈቅዳለሁ? የአማቼን ዕቃ!»

«መደርደሪያው እኮ አንድ ነው።»

«መደርደሪያው አንድ ቢሆን የገዛው ሰው አንድ ነው እንዴ? ደውዪለት።»

የቁልፌ እጅ ፊደሎቹ ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ እስቲ ያልሽውን ድገሚው።»

«ምኑን? ልጅሽን ጨካኝ ሆንሽባት ልትዪኝ ነው?»

«አይደለም። ስለገዛው ሰው ያልሽውን።»

«ብሉ ብዬ የፈቀድኩት የራሴን ነው። የሌላውን ባለቤቱ ይፍቀድ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?»

ቁልፌ ግንባሯን በእጇ ያዘች። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምራለች። ዓርብ ዕለት ደንቡን የጻፈችው በራሷ ስም ገብታ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ የሚገዛው እሷ የምትፈጥረውን ብቻ ነው። የሙከራውን ሠንጠረዥም የፈጠረችው እሷው ናት፤ ባይከፈት ነበር የሚገርመው። የሰኞውን ሠንጠረዥ ግን የሚፈጥረው ፕሮግራሙ ነው፣ እሱም የሚገባው በራሱ ስም። ሦስት ዓመት ከፍታ ከፍታ፣ የፈጠረችውም እሷ መስሏት ኖራለች። እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ዕቃ የሚያስገባ አለ ብላ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ማንም ስላላወቀባት ግን ቀስ ብላ ተነፈሰች።

«ምን ተገኘ?» አለ ኃላፊው።

«ብስኩቱን የገዛው ሌላ ሰው ነው።»

ኃላፊው የገባው ሰው መስሎ ራሱን ነቀነቀ።

ደንቡን እንደገና ጻፈችው። በዚህኛው ውስጥ የፕሮግራሙን ስም አስገባች፤ ተራ አውጪው ፕሮግራም ከእንግዲህ የሚፈጥረው ሠንጠረዥ ሁሉ ገና ሲፈጠር ነርሶች ያንብቡት፣ ነርሶች ብቻ። በራሷ ስም የጻፈችውን የዓርቡን ደንብም አጠፋችው። ከዚያ ሰኞን መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ ፕሮግራሙ የሚመጣውን ሳምንት ሠንጠረዥ አሁኑኑ እንዲፈጥር አዘዘችውና እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች።

«ሲስተር፣ የሚመጣውን ሳምንት ክፈቺ። እኔ ምንም አልነካም፤ ይኸው እጄ።»

ሲስተር ጎንበስ አለች። ግንባሯን ቋጠረች።

«አልተከፈተም?» አለች ቁልፌ።

«ተከፍቷል» አለች ሲስተር። «የሚመጣው ሳምንት ሙሉውን ማታ ነው እንዴ የተመደብኩት? ይህን ማን ነው የሠራው?»

ቁልፌ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያሰኛት ስሞታ ሰምታ አታውቅም። ኃላፊው ጥርጣሬው ስላልለቀቀው ጥበቃውን ከበር አስጠርቶ በራሱ የመግቢያ ስም ሞክር አለው። ጥበቃው ሞከረና «ፈቃድ የለህም ይለኛል» አለ።

«ጎበዝ» አለው ኃላፊው በእፎይታ። ጥበቃው ለምን እንደተመሰገነ ሳያውቅ ተመለሰ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቁልፌ በአንድ እጇ ሻንጣውን፣ በሌላው እናቷን ይዛ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ኃላፊው ከኋላ ተከተላቸው። «ለማንኛውም ስልክሽን እንዳትዘጊ!» አለ። እሷም ሳትዞር «ምን ቆርጦኝ!» አለች፣ ከልቧ።

አውቶቡሱ በር ላይ እናቷ ቦርሳውን ከፍተው ሁለቱን ቲኬቶች በክብር አስረከቧት። ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ከመቀመጣቸው አውቶቡሱ ወጣ።

ከከተማው ሲወጡ ቁልፌ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አልደወለም። ወትሮ በዚህ ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ይጠሯት ነበር። ድምፁ ተዘግቶ እንዳይሆን ብላ አየችው፤ አልተዘጋም። ኔትወርኩም ሙሉ ነው።

«ስልክሽ ዝም አለ» አሉ እናቷ።

«አዎ።»

«ታመመ እንዴ?»

«የለም እማዬ። ዳነ።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ?»

«ፊቴን የት አየሽው?»

«ትንፋሽሽን ሰማሁት።»

ቁልፌ ልትዋሽ አሰበችና ተወችው። «ትንሽ ቅር አለኝ» አለች። «ሦስት ዓመት ያለ እኔ አይሆንም ሲሉ ኖሩ። ይኸው ሆነ።»

እናቷ የልጃቸውን ጉልበት በዳሰሳ አግኝተው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። «አንቺን ያሳደግሁት እኮ ያለ እኔ እንድትሄጂ ነው» አሉ። «የሄድሽ ቀን እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ብስኩት እገዛ ጀመር።»

ቁልፌ ሳቀች። ሆኖም እጇ ስልኩን አንሥቶ ለሲስተር «ሁሉም ደህና ነው?» የሚል መልእክት ጽፎ ጨርሷል። መላኩ ብቻ ቀርቷል። አውቶቡሱ ኩርባውን ሲዞር እናቷ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብለው «ያ ነጭ የሚታየኝ ውኃ ነው ወይስ ቤት?» ብለው ጠየቋት። ቀና ብላ አየች። የታጠበ አንሶላ ነበር፤ በረጅም ገመድ ላይ የተሰጣ።

«አንሶላ ነው» አለች። «ስንመለስ ራስሽ ታዪዋለሽ።»

መልእክቱን አጠፋችው። ከዚያ ስልኩን ለእናቷ አቀበለቻቸው።

«ይህን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺልኝ።»

«ማን እንዳይወስደው?»

«እኔ። እስክንመለስ እንዳትሰጪኝ፣ ብለምንሽም።»

እናቷ ስልኩን ከቀጠሮው ወረቀት ሥር አስገብተው ዚፑን እስከ ጥጉ ሳቡት። ቁልፌ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው ሄደ። እናቷ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ቦርሳውን አንሥተው በወዲያኛው ጎናቸው አስቀመጡት።