ነቢዩ ምን ሊተክል ነው?

ሰፈርተኛው ያወጣለት ስም «ነቢዩ» ነው። ትንቢቱ አንድም ቀን ሰምሮለት ስለማያውቅ ነው ታዲያ። ቲማቲም ይወደዳል ብሎ ቲማቲም በተከለ ዓመት ቲማቲም የከብት ቀለብ ሆነ፤ ቃሪያ ሲል ቃሪያ ረከሰ። አይ የሱ ነገር! ሰዉም ትምህርት ወሰደና የመትከያው ጊዜ ሲደርስ ሚስቱን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ እየጠበቀ፣ «እመቤቴ፣ ነቢዩ ዘንድሮ ምን ታየው?» ይላታል። እሱ የተከለውን ላለመትከል ነዋ!

ዘንድሮ ግን ቀልዱ አልጣማትም። ከተማ ያለው ወንድሟ ባሏን መጋዘን ጥበቃ ላስቀጥረው ብሎ ባለቢጫ ቁልፍ የዘበኛ ኮት ልኳል። የዘንድሮውም ምርት ከከሰረ መሬቱን ለባለትራክተሩ ጎረቤት አከራይተው ከተማ ሊገቡ ተስማምተዋል። ተስማምተዋል ይባል እንጂ ባልየው ኮቱን አንዴም አልለካውም። በር ላይ እንደተሰቀለ በአጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ እሷም ይህን ስታይ አንጀቷን ይበላዋል።

«ሽንኩርት ነው» አለ አንድ ጠዋት አፈሩን በእጁ እየፈረፈረ። «ዘንድሮ ሽንኩርት እሳት ነው የሚሆነው!»

«በል እንግዲህ፣ አንተ ካልክ አለቀ» አለችው።

ወፍጮ ቤት ባለትራክተሩ ጠየቃት። መዋሸት አልሆነላትም፤ «ሽንኩርት» አለች።

«ተመስገን! እኔም እሱኑ ልተክል ነበር፤ ከጉድ አወጣሽኝ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። በሳምንቱ ዳገት ቁልቁለቱ ሁሉ ቲማቲም በቲማቲም ሆነ።

ምርት ሲደርስ ሽንኩርት የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ። ነጋዴዎቹ መኪናቸውን እያስጓሩ እማሳው ድረስ መጥተው እርስ በርስ ተሻሙበት። የተበላሸው የውሃ ፓምፕ ተጠገነ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ተለወጠለት። ነቢዩም «ብዬ ነበር!» ማለት አበዛ፤ ሚስቱም የወፍጮ ቤቱን ነገር ደብቃ «አዎ፣ ብለህ ነበር» ትለዋለች።

በሚቀጥለው መትከያ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታቸው ድረስ መጣ። «ወንድማችን፣ ዘንድሮስ ምን ታየህ?» አለ ባለትራክተሩ ኮፍያውን አውልቆ።

«እውነቱን ልንገራችሁ? ምንም አልታየኝም። አምና ሽንኩርት የተወደደው እናንተ እኔን ስትሸሹ ነው። ስትስቁብኝ የማልሰማ መስሏችኋል? አሁን ደግሞ ሁላችንም ሽንኩርት ብንል ገደል ነው የምንገባው። ግማሻችን ቲማቲም፣ ግማሻችን ሽንኩርት እንትከል።»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰማችው። ለካ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል!

እንግዶቹ በትህትና ተነስተው ወጡ። ገና ግቢውን ሳይለቁ ግን የባለትራክተሩ ድምፅ ተሰማ፤ «አያችሁት ብልጡን? ሽንኩርቱን ለብቻው ሊበላ እኮ ነው!»

በሳምንቱ ዳገት ቁልቁለቱ ሁሉ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆነ። ባልና ሚስት አዝነውም ስቀውም መሬታቸውን በሙሉ ቲማቲም ተከሉበት። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ወፍ አላስቀምጥ አላቸው። ነቢዩ ቤት ገባና ያንን ኮት ከበሩ ላይ አወረደ፤ ማሳው መሃል እንጨት ተከለና ቁልፉን አንድ በአንድ እየቆለፈ አለበሰው።

«ወንድሜ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለች ሳቋ እያፈናት።

«ዘበኛው ሥራ ጀምሯል በይው።»