የሴሪዝ ጭራ

«ለሳንቶብራን አዳኞች፣ ለአዳኞች ሚስቶችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ቆቆች ሁሉ፦ የሙሴ ሌዮንስ ባሪሻር ውሻ የሆነችው ሴሪዝ ጭራ እንዳላት ማኅበራችን ስላረጋገጠ፣ ይህንኑ በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን።»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትም እኔው። የመንደሩ አስተማሪ ነኝ፤ ውሻ የለኝም። የብራክ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ያደረገኝ የእጅ ጽሑፌ ማማሩ ብቻ ነው። ቆቆቹን ከራሴ ጨመርኳቸው፤ ማንም ልብ አላለም።

ብራክ የሚባለው የእኛ አገር አዳኝ ውሻ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ የወይን አተላ የተረጨበት የሚመስለው ነጭ ጠጉሩ ነው፤ ሌላው ያለ ጭራ መወለዱ። የማኅበሩ ደንብ ስለ አፍንጫው አንድ መስመር እንኳ የለውም። ቆቅ ማሽተትማ የማንም ውሻ ያሸታል። ጭራ ያለው ግን የጎረቤት አውራጃ ውሻ ነው፤ ከጎረቤት አውራጃ ደግሞ እግዜር ይጠብቀን።

ችግሩ ቡችሎቹ ደንቡን ሳያነቡ መወለዳቸው ነው። በሳንቶብራን ውሻ በወለደች በሦስተኛው ቀን የማድ ቤቱ መስኮት ይዘጋል፣ አንዲት ቀጭን ጩኸት ትሰማለች፣ መስኮቱም ተመልሶ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ቡችላው «ያለ ጭራ የተወለደ» ነው። ሁሉም ያደርገዋል፤ ሁሉም ግን በመንደሩ ውስጥ አጭበርባሪው እሱ ብቻ ይመስለዋል።

እርግጡን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ የማኅበሩ መርማሪ ሌዮንስ። በየዓመቱ የአደን ወቅት ሊከፈት ሲል ውሾቹ አደባባይ ይሰለፉለታል። አውራ ጣቱን ከእያንዳንዱ ውሻ ወገብ በታች ያሳርፋል፣ ጠባሳውን ይዳስሳል፣ የባለቤቱን ዓይን ሳያይ «ንጹሕ» ይላል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲል ኖረ።

ፎቅ ላይ ተከራይቼ የምኖረው እሱ ቤት ስለሆነ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። ውሻው ፊኔት አርጅታለች። ሚስቱ ዤርሜን ታማ በተኛችበት ክረምት እግሯን ያሞቀችላት ፊኔት ነበረች፤ ቀብሩ ላይም ከዘመድ ቀድማ ሄዳለች። ማስታወቂያው ከመለጠፉ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመከር ለመጨረሻ ጊዜ ወለደች። ከወለደቻቸው የተረፈችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሴሪዝ። አባትየውን ከመወለዷ ከሳምንት በፊት መኪና ገጭቶ ገድሎታል።

በሦስተኛው ቀን የሌዮንስ ልጅ ኦዲል መሳቢያውን ስትበረብር አገኘኋት።

«አባዬ፣ የእማዬ መቀስ የት ሄደ?»

«እሱ የጨርቅ መቀስ ነው።»

«ፊኔትንም በሱ አይደል እንዴ...»

«ፊኔት ያለ ጭራ ነው የተወለደችው» አለ፣ ፊቱን ሳይፈታ።

«አዎ፣ እኔም ያለ አፍንጫ! አባዬ ስማኝ እንጂ። ሌሎቹ ውሾች ወይ አርጅተዋል፣ ወይ ተኮላሽተዋል። የቀረ ወንድ የሙሴ ዱትሬ ሱልታን ብቻ ነው። መዝገብ ያልገባች ሴት ደግሞ አያስጠጉበትም። ይቺ ካልገባች ዘሩ አለቀ እኮ! ከአያትህ ጀምሮ ያቆዩት ዘር!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሾርባው እየገነፈለ ነው፣ ልጄ።»

መስኮቱ ሳይዘጋ ዋለ። ጭራውም አደገ።

ሴሪዝ የቤቱን ጫማ ሁሉ አንድ በአንድ ቀምሳ ጨረሰች፤ የእኔን ከሁሉ ወደደችው። ነሐሴ ላይ ሌዮንስ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ትቶ ስንዴው ወደታጨደበት ማሳ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ። ስትሮጥ ቆየችና በድንገት አንድ እግሯን አንጠልጥላ ቀጥ አለች። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጫፍ አንድ የተሳለ መስመር ሆነች። ነፋስ እንኳ ጠጉሯን ለመንካት የፈራ ይመስል ነበር። ቆቆቹ ፍርር ብለው ተነሥተው እስኪጠፉ አልተነቃነቀችም። ሌዮንስ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም።

የምርመራው እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ወይን ተቀዳ፣ ውሾቹ ተሰለፉ። ሌዮንስ እየዳሰሰ «ንጹሕ፣ ንጹሕ» እያለ መጣና በመጨረሻ የራሱን ውሻ መሀል ላይ አቆመ። ሴሪዝ ሕዝብ በማየቷ ደስ ብሏት ከኋላ ትወዛወዛለች።

ሊቀ መንበራችን መድኃኒት ቀማሚው ዱትሬ መነጽሩን አስተካከለ። «ሌዮንስ፣ ያ ከኋላዋ ያለው ነገር ምንድን ነው?»

«ጭራ።»

«የማን?»

«የሷ ነዋ። ያንተማ ድሮ ተቆርጧል።»

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እንዳበቃ ግን ድምፅ ተሰጠ፤ ትውጣ የሚል እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ መቀስ ይዞ የማያውቅ እጅ አልነበረበትም። የሱልታን ጌታ የዱትሬ እጅ ከሁሉም በላይ ረዘመች። አሮጊቷ ፊኔት አግዳሚ ወንበሩ ሥር ተኝታለች። ሌዮንስ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ሁለቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሱልታን ለገና አልደረሰም፤ ማኅበሩም የሚመዘግበው ውሻ አጥቶ ለፋሲካ አልደረሰም። ከምርመራው በማግስቱ፣ ሰኞ ቀትር ላይ ግን ሱልታን ገና በሕይወት ነበር። ምሳ ላይ ሳለን ዱትሬ በጓሮ በር ገባ። ኦዲል የድንች ኬኳን ቆርሳ ሰጠችው፤ አልነካውም።

«ሌዮንስ፣ እዚህ ባዳ የለም» አለ፤ እኔን አየት አድርጎ ትንሽ አመነታ። «ጭራዋን የበር መዝጊያ ያዘው እንላለን። ሐኪሙ ወዳጄ ነው፣ አደንዝዞ ይቆርጠዋል። እሑድ እንደገና እናያታለን፤ አንተ ትዳስሳለህ፣ 'ንጹሕ' ትላለህ፣ አለቀ። ሱልታን እያሳለ ነው፤ ጊዜ የለንም።»

«አይሆንም።»

«አባዬ!» አለች ኦዲል። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«አይሆንም አልኩ።»

«አንተ ሰው፣ አብደሃል? ከኔ ይልቅ ያንተ ውሻ ናት! በዚህ አገር ከዚህ ወዲያ ብራክ የሚባል አይኖርም፣ ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«የሁላችንንም ስትደብቅ ኖረሃል፤ ታውቅ ነበር፣ አሁን ገባኝ። ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ? ለአንዲት ጭራ ብለህ ነው? ለምን?»

ሌዮንስ ከኬኩ ጠርዝ ቆረሰና ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረወረ። ከታች ጭራው ወለሉን መታ፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ።

«ለምን ሌዮንስ?»

«አልናገርም» አለ። «ስትወጣ በሩን ዝጋው።»