ሁለቱንም እኔ ነኝ የምነፋው

ስሜ ማስተዋል ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ጠባዬን ሳታውቅ ስለሆነ አልፈርድባትም።

ሰቆጣ ያለ አንድ የኪነት ቡድን የክላርኔት ተጫዋች በቋሚነት ሊቀጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ በሙዚቃ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሁለቱንም ዓመት የሠራሁት በየሰርጉ ከኪቦርድ ጀርባ መቆም ነው። ይህን ሥራ ካጣሁ የሚጠብቀኝ ወልድያ የአክስቴ ሱቅ ነው፤ የስልክ ሽፋን ልሸጥ።

ተወዳዳሪዬ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ምንይሉ፣ ከአምደወርቅ ከተማ የመጣ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። የቡድኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ተረስቶ የነበረውን ባስ ክላርኔት አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ በጆሮው የተማረ ነው። ባስ ክላርኔት አንገቱ ብረት፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ቁመቱ የተቀመጠ ሰው የሚያክል ነገር ነው። በኋላ ተውሼው ቤት ይዤው ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ባንቺ አይታ፣ "ምነው ማስተዋል፣ ቧንቧ ነቅለሽ መጣሽ?" አለችኝ።

የኔው ሶፕራኖ ክላርኔት ነው፤ በቡድኑ ውስጥ "ቀጭኑ" ይሉታል። ምንይሉ ቀጭኑን አይችልም። እኔ ደግሞ ዘዴ መጣልኝ። ሁለቱን በአንድ ዜማ ውስጥ እያፈራረቅሁ ብነፋ፣ ምንይሉ ለምን ያስፈልጋል? የጣቱ አሠራር እንደሆነ አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ባሱን እየተዋስኩ ሦስት ሳምንት ተለማመድኩ። ሦስት ሳምንት የሚያንሰው ለሌላ ሰው ነው ብዬ።

"አፍሽስ?" አለኝ ምንይሉ፣ አንድ ቀን ባሱን ሊረከበኝ መጥቶ።

"አፌ ምን ሆነ?"

"ባሱ ላላ ያለ ከንፈር ነው የሚወደው። ቀጭኑ ጠበቅ ያለ። ካንዱ ወዳንዱ ስትሄጂ አፍሽ ይደርስብሻል?"

"አፌ ፈጣን ነው።"

"እሱንስ አገር ያውቀዋል" አለና ባሱን ተሸክሞ ወጣ።

ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ፈታኞቹ የቡድኑ ኃላፊ ወይዘሮ ምስራቅና ከጋዝጊብላ የተጋበዙት አያ ካሤ ናቸው። አያ ካሤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንቢልታ የነፉ ሰው ናቸው። እንቢልታ እንግዲህ ለብቻ አይነፋም። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው።

ያዘጋጀሁት አምባሰል ነው፤ ባሱ ይጠይቃል፣ ቀጭኑ ይመልሳል። በመሐል መሣሪያ ለመቀየር ለራሴ አራት ቆጠራ ሰጥቻለሁ። የባሱ ጥያቄ አማረ፤ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቀጭኑን ከወንበሩ አነሳሁ። ሦስት ላይ የባሱ ማንጠልጠያ አንገቴ ላይ እንዳለ አወቅሁ። አራት ላይ፣ ባሱ ደረቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ነፋሁ።

የቀጭኑ አፍ ላይ የምትታሰረው፣ ሪድ የምንላት የሸምበቆ ስንጣሪ በሰቆጣ ነፋስ ደርቃ ተጣማለች። ከንፈሬ እንደላላ ቀርቷል። ጣቶቼም ሰንፈዋል፤ ባሱ ቀዳዳውን በክዳን ስለሚደፍንልሽ ታምኚዋለሽ፣ ቀጭኑ ላይ ግን ክዳኑ ጣትሽ ራሱ ነው። የወጣውን ድምፅ ሰምቶ በር ላይ የነበረው ጥበቃ ባጃጅ ፍሬን የያዘ መስሎት መንገዱን ሊያይ ሮጠ።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ወደ ባሱ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ከንፈሬ ጠብቋል። ባሱ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

አያ ካሤ ወደ በሩ ተመለከቱ።

"ባልንጀራሽ የት ቀረ?"

"የቱ ባልንጀራ?"

"የሚመልስልሽ ነዋ።"

"ሁለቱንም እኔ ነኝ የምነፋው፣ አያ ካሤ" አልኳቸው። እዚያም ላይ ሆኜ ኮራሁ።

ፊታቸው ተለወጠ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ የሚይዙትን ፊት ያዙ።

"ወይ ልጄ፣ ሰው አጣሽ?"

እኔ በተማርኩበት ሁለት መሣሪያ ለያዘ ይጨበጨባል። ለእሳቸው ደግሞ ብቻውን የሚጠይቅና የሚመልስ ሰው፣ ወይ ጓደኞቹ ሞተውበታል ወይ ተጣልተውታል።

"ተጣልታችሁ ነው? እዚያ ውጭ የቆመው ነው? ጥሩት!"

ተራውን ይጠብቅ የነበረው ምንይሉ ገባ።

"ምን አደረገችህ?"

"ኧረ ምንም አላደረገችኝም፣ አባቴ።"

"ምንም ሳታደርግህ ነው ጥለሃት የወጣኸው?"

ወይዘሮ ምስራቅ አፋቸውን በማመልከቻዬ ሸፈኑ። ምንይሉ ማንጠልጠያውን ከአንገቴ አውልቆ ባሱን ወሰደ፤ እኔ ሪዴን በምራቄ አርሼ ቀጭኑን ብቻ ያዝኩ። ዜማውን ከመጀመሪያው ነፋነው። መጥፎ አልነበረም፤ ከዚህ በላይ አላደንቀውም።

"ወንበሩ አንድ ነው" አሉ ወይዘሮ ምስራቅ። "ማስተዋል፣ እውነቱን ንገሪኝ። በአንድ ወር ሁለቱንም በደንብ ትይዣለሽ? አዎ ካልሽ አንቺን እቀጥራለሁ፤ ሁለት የሚነፋ ሰው ይጠቅመኛል። ካልሆነ ግን የጠፋው ባሱን የሚይዝልኝ ነውና ምንይሉን እቀጥራለሁ።"

ምንይሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ፈጣኑ አፌ "አዎ" ሊል ተከፈተ። አያ ካሤን አየኋቸው፤ ያንን የለቅሶ ፊት እንደያዙ ናቸው። ሁለቱንም ብቻዬን እየነፋሁ ያን ፊት በየልምምዱ ተሸክሜ መዞር ታየኝ።

"አንድ ወር አይበቃኝም።"

"ስንት ይበቃሻል?"

"እንጃ። ሁለት ዓመት።"

ወይዘሮ ምስራቅ የምንይሉን ስም ጻፉ።

ስንወጣ አያ ካሤ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሳትታረቁ አልሄድም አሉ። አልተጣላንም ብንላቸው፣ የተጣላ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሥራዬን የወሰደውን፣ ያልተቀየምኩትን ሰው ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳምኩ።

"መቼ ነው ወልድያ የምትሄጂው?" አለኝ ምንይሉ።

"ሰኞ።"

"ካመት በዓል ካመት በዓል ብትመጪ፣ የሚመልስልኝ ሰው አገኝ ነበር።"

"ዜማውን ካዘገየህብኝ አልመጣም። ቅድም አዝግመሃል።"

"እኔ ነኝ ያዘገምኩ? አንቺ ነሽ እንጂ ጥያቄዬን ሳልጨርስ የመለስሽ!"

"ጥያቄህን እኮ ማንም ይገምተዋል!"

መንገዱን እስክንጨርስ ተጨቃጨቅን። አያ ካሤ ግን ዱላቸውን ነቅለው፣ ልባቸው ረክቶ ወደ ጋዝጊብላ አቅንተዋል።