የአሰን ቅዳሜ

አባዬ ለዚያ ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ የጠየቀው ከሁለት ወር በፊት ነው። እኔም የሥራ ባልደረባዬን ባዩሽን ለምኜ ሺፍት ተቀያየርኩ። በፈረንጅ ሰኔ 2016 ነበር። ከሆላንድ ትምህርቴን ጨርሼ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አባዬ ጋ ከተመለስኩ ሦስት ወር ቢሆነኝም ልብሴን ገና ከሻንጣ አላወጣሁም። እቆይ እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሆላንድ አሰን ከተማ የሚደረገውን የሞተር ሳይክል ውድድር ለማየት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። የሰኔ ጾም ስለሆነ ዳቦና ሻይ ይዘናል። ሞተሮቹ ብቅ አሉ፤ ግን አንድ በአንድ፣ እንደፈለጋቸው ነው የሚወጡት። ተሰልፎ መብራት የሚጠብቅ የለም።

“ይሄማ የመነሻ ቦታ የሚለዩበት ማጣሪያ ነው” አለ አባዬ ግራ ገብቶት።

ስልኬን ከፍቼ አየሁ። “ዘንድሮ ወደ እሑድ አዙረውታል። ውድድሩ ነገ ነው።”

“አሰንን?” ቀልድ መስሎት ሳቀ። “ሌላው ቦታ ነው ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜ ማጣሪያ፣ እሑድ ውድድር። አሰን ሐሙስ ጀምሮ ቅዳሜ ያልቃል። ከ1925 ጀምሮ እንደዚያ ነው! ያኔ እኮ በየመንደሩ መሀል፣ በአቧራ መንገድ ነበር የሚነዱት። እሑድማ ቤተ ክርስቲያን አለ።”

ይህን የነገረው፣ አዲስ አበባ የሞተር ጋራዥ ሳለው ደንበኛው የነበረ አንድ ሆላንዳዊ ነው። አባዬ አሰንን ሳያየው ወደደው። አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አብዛኞቹ ውድድሮች እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ስለሚውሉበት፣ የቅዳሜው አሰን ብቻ የእሱ ነበር።

“ሪከርድ ላድርግልህ?”

“ተይው። አንቺ አይተሽ ንገሪኝ፤ እንደዚያን ጊዜው።”

“ያን ጊዜ” የሚለው 2014ን ነው። ሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ እማር ነበርና “በእኔ ፈንታ ሄደሽ እይልኝ” ብሎ ለመነኝ። ባቡሩ ሩቅ ነው ብዬ ሰነፍኩ፤ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳርቻ ዋልኩ። ከዚያው ሆኜ ደወልኩለትና ስለ ሕዝቡ ጩኸት፣ ስለ ነዳጁ ሽታ፣ ስለ ደማቁ ፀሐይ አርባ ደቂቃ ሙሉ ፈጠርኩለት። እስከዛሬ እውነቱን አልነገርኩትም።

እሑድ አባዬ በነጠላው ላይ ቢጫ ሰደርያ ደርቦ፣ ቀይ የሚበራውን ዱላ ይዞ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ሄደ። ፓርኪንጉን የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ ከቀረ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ይውላል። እኔ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ከራሴ አንዲት ነገር እንዳልጨምር እያንዳንዱን ዙር ጻፍኩ።

እንዳለቀ ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ እሱ ነዳሁ። ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። አባዬን መውጫው ላይ ቆሞ አገኘሁት።

“እህሳ?” አለኝ።

“ዘነበ፣ አባዬ። ከአሥራ አራት ዙር በኋላ ውሃው በዛና ቀይ ባንዲራ አውጥተው አስቆሟቸው።”

“ዘነበ?” ትክ ብሎ አየኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። “አባዬ፣ ያን ጊዜ አሰን አልሄድኩም። ዋሽቼህ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“እንዴት?”

“በቲቪ እያየሁ ነበራ! መንገዱ በዝናብ ረጥቦ ሞተር ሲቀይሩ አያለሁ፣ አንቺ ፀሐይ ፀሐይ ትይኛለሽ።” ዱላውን አወዛወዘና አንድ ቫን አሳለፈ።

“ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?”

“ሆላንድ ከሄድሽ ጀምሮ አርባ ደቂቃ ያወራሽኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ላቋርጥሽ?”

ከኋላ ጡሩምባ ጮኸ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ንግስት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተዋል።

“አቶ ወንድሜነህ፣ ይልቀቁን እንጂ! እዚሁ ሊያሳድሩን ነው?”

“አንድ ጊዜ፣ ወይዘሮ ንግስት! ዝናብ ላይ ነን!” አላቸው፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ። ቀዩን ዱላ ከፍ አድርጎ ሰልፉን በሙሉ አቆመና ወደ እኔ ዞረ።

“እሺ፣ ካስቆሟቸው በኋላስ?”

ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ።